የሀሺሽ ዘይት ለሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው ወይ?

(በጁምዓ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር። መምጣት ላልቻላችሁ፣ በተለይም መካ ላላችሁ እህቶች እንዲደርስ በጽሑፍ ወጥቷል።)

እህቶቼ፣ ከመካ ድረስ ለመጣችሁት አላህ ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ፤ ማዳምን አስፈቅዶ፣ የመኪና ሒሳብ ተዋጥቶ እዚህ መድረስ ቀላል እንዳልሆነ እናውቀዋለን።

ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ ስለ ሀሺሽ ነው። «እኛን ከሱ ጋር ምን አገናኘን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው። ሐሳቤን ያስቀየረችኝ አንዲት እህታችን ናት። ፈቃዷን ጠይቄ ነው የማወራው፤ ስሟን ግን አልጠራም።

እንደምታውቁት ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ወሎ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበርኩ። ስለዚህ ሲያማችሁ ትደውሉልኛላችሁ። ከአራት ወር በፊት ይቺ እህታችን ከመካ ደወለችልኝና «እትዬ፣ የሀሺሽ ዘይት ለሚጥል በሽታ ይሆናል ይባላል፤ እውነት ነው እንዴ?» አለችኝ። አንድ ሰው ትንሽ ብልቃጥ በ300 ሪያል ሊሸጥላት ነው። «ውጭ ሀገር እኮ ሐኪሞች ራሳቸው ያዝዙታል» ብሏታል።

እኔ ምን አልኳት? ተቆጣሁ። «አንቺ ልጅ፣ አብደሻል? አንገትሽን ልታስቆርጪ ነው?» ብዬ ጮህኩባት። «እሺ እትዬ፣ ይቅርታ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ለማን እንደፈለገችው እንኳ አልጠየቅኳትም።

ለራሷ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። ሀገር ቤት ከጤና ጣቢያ ፌኖባርቢታል እየወሰደች ደህና ሆና ነበር የኖረችው። ይዛው የመጣችው ክኒን አለቀባት። ለማዳም ብትናገር «ይመልሱኛል» ብላ ፈራች። ከደወለችልኝ በአሥራ አንደኛው ቀን ምድጃ ፊት ቆማ ስትሠራ ወደቀች። የፈላ ዘይት ቀኝ ክንዷን አቃጠላት።

ብልቃጡን አልገዛችም፤ እኔን ፈርታ ተወችው። ግን ሌላ መንገድም አላሳየኋትም። ቁጣ ሰጠኋት እንጂ መልስ አልሰጠኋትም። ዛሬ የምናገረው ያን ቀን ልነግራት ይገባኝ የነበረውን ነው።

ሰውየው የተናገረው እውነትና ያልተናገረው

መጀመሪያ፣ ሰውየው ሁሉንም አልዋሸም። ለዚህ ነው ወሬው የሚያታልለው።

ሀሺሽ የሚሠራው ካናቢስ ከሚባለው ተክል ነው። እኛ ሀገር በድሮው ስም እፀ ፋሪስ ይባላል። ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም፤ ጣና አጠገብ ካለ ዋሻ የተገኙ የስድስት መቶ ዓመት ያህል ዕድሜ ያላቸው የጋያ ስባሪዎች ተመርምረው የዚሁ ተክል ቅሪት ተገኝቶባቸዋል። ሀሺሽ የሚባለው እንግዲህ ከተክሉ የሚወጣው ሙጫ ነው።

በተክሉ ውስጥ ከመቶ በላይ የሆኑ የራሱ ንጥረ ነገሮች አሉ። ለእኛ ሁለቱን ማወቅ ይበቃናል። አንደኛው ቲኤችሲ ነው፤ የሚያሰክረው፣ ጭንቅላት የሚያዞረው እሱ ነው። ሁለተኛው ሲቢዲ ነው፤ ይኼኛው አያሰክርም።

ለሚጥል በሽታ ጥቅም የተገኘበት ሲቢዲው ነው። እ.ኤ.አ በ2017 በታተመ አንድ ጥናት ላይ ድራቬ የሚባል ከባድ የሚጥል በሽታ ያለባቸው 120 ልጆችና ወጣቶች ተካፍለው ነበር። የተጣራ ሲቢዲ የወሰዱት የሚንቀጠቀጡበት ብዛት በወር ከ12 ገደማ ወደ 6 ገደማ ወረደ። መድኃኒት የሌለበት ሽሮፕ የተሰጣቸው ግን ከ15 ገደማ ወደ 14 ብቻ ነው የወረደላቸው። በ2018 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ኤፒዲዮሌክስ በሚል ስም ይህን መድኃኒት ፈቀደ።

ሌላም አለ። የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ክፉኛ ያስመልሳቸዋል፤ ለእነሱ ከ1985 ጀምሮ በቤተ ሙከራ የተሠራ የቲኤችሲ ክኒን አለ። መልቲፕል ስክለሮሲስ በሚባል የነርቭ በሽታ ጡንቻቸው ለሚገተር ሰዎች ደግሞ አፍ ውስጥ የሚረጭ መድኃኒት በአንዳንድ አገሮች ይታዘዛል። በታኅሣሥ 2020 የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽን ካናቢስን በጣም አደገኛ ከሚባሉትና የሕክምና ጥቅማቸው ከማይታመንባቸው ዕፆች ዝርዝር በ27 ለ25 ድምፅ አውጥቶታል። ይህ ማለት ተፈቀደ ማለት አይደለም፤ በሌላኛው የቁጥጥር ዝርዝር ውስጥ እስካሁን አለ።

እንግዲህ ሰውየው ያልነገራት ይሄ ነው።

ያ መድኃኒት ለሁሉም ዓይነት የሚጥል በሽታ አይደለም። የተፈቀደው በልጅነት ለሚጀምሩ፣ ሌላ ክኒን ለማያቆማቸው ጥቂት ከባድ ዓይነቶች ነው። የእህታችን ዓይነት በርካሽ ክኒን ጸጥ ብሎ የነበረ ነው።

ያ መድኃኒት የተጣራ ነው። ስንት ሚሊግራም እንዳለበት ይታወቃል፤ በበሽተኛው ኪሎ ተሰልቶ ይሰጣል፤ ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል ደም እየተመረመረ ነው የሚወሰደው። ከሌሎች የሚጥል በሽታ ክኒኖች ጋር ሲገናኝም የእነሱን ኃይል ከፍና ዝቅ ያደርጋል። በዚያ ላይ የሚሰጠው ከሌላው ክኒን ጋር ተጨምሮ ነው።

ከመንገድ ላይ የሚገዛው ብልቃጥ ውስጥ ያለውን ግን ማን ያውቃል? ሻጩም አያውቅም። ቲኤችሲ የሞላበት ይሆናል፤ የምግብ ዘይት ብቻም ሊሆን ይችላል። ሰው ሠራሽ ኬሚካል ተቀላቅሎበት ከሆነ ደግሞ እሱ ራሱ ያንቀጠቅጣል። እንጨት ሁሉ ማገዶ እንደማይሆን፣ «ከዚህ ተክል መድኃኒት ይወጣል» ማለት «ተክሉ መድኃኒት ነው» ማለት አይደለም።

የሚያመጣው ጉዳት

ለሐዘን፣ ለናፍቆት፣ እንቅልፍ ለማጣት ብለው የሚሞክሩትም አሉ። አንፍረድባቸው። በቀን አሥራ ስድስት ሰዓት ሠርቶ፣ የእናትን መርዶ በስልክ ሰምቶ፣ ማልቀሻ ቦታ ያጣ ሰው ምን እንደሚሰማው እናውቃለን። ጉዳቱን ግን ማወቅ አለብን።

በመጀመሪያ ልብ ያስመታል፣ ያስደነግጣል፣ የሌለ ነገር ያሰማል። ካውያ፣ ምድጃ፣ ሕፃን ልጅ በእጇ ላይ ያለች ሴት ለአንድ ሰዓት አእምሮዋ ቢደነዝዝ የሚመጣውን አስቡት።

ሁለተኛው የአእምሮ ሕመም ነው። በአውሮፓና በብራዚል 11 ቦታዎች ላይ የተሠራና በ2019 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በየቀኑ የሚጠቀሙ ሰዎች ከማይጠቀሙት ይልቅ ከእውነታ የሚያወጣ የአእምሮ ሕመም የሚገጥማቸው በ3 እጥፍ ነው። ቲኤችሲው የበረታውን በየቀኑ የሚወስዱት ደግሞ ወደ 5 እጥፍ ይጠጋሉ። በዘር ይህ ሕመም ያለበት ሰው የበለጠ ሊፈራ ይገባዋል። በስደት ላይ አእምሮው የታወከ ሰው ምን እንደሚደርስበት አይተናል፤ አሳፍረን የላክናቸው እህቶች አሉ።

ሦስተኛው ሱስ ነው። «ሀሺሽ ሱስ አያስይዝም» የሚባለው ውሸት ነው። ከሚሞክሩት ከአሥሩ አንዱ ገደማ ይያዛል፤ በአፍላ ዕድሜ የጀመሩት ከስድስቱ አንዱ። ልተው ሲሉ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ቁጣ ይመጣል። ለረጅም ጊዜ ደጋግመው የሚጠቀሙ አንዳንዶች ደግሞ የማያቋርጥ ትውከት ይይዛቸዋል።

ነፍሰ ጡር የሆነች ደግሞ ፈጽሞ አትንካው። ሕፃኑ ኪሎው ቀንሶ እንዲወለድ ያደርጋል፤ በጡት ወተትም ያልፋል።

ሕጉ

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ባልፍ እበድላችኋለሁ። ያለንበት ሀገር ሳዑዲ ነው። ካናዳ በ2018 ፈቅዳለች፤ ኡራጓይ ከዚያ በፊት ፈቅዳለች። ያ ለእኛ ምንም አይጠቅመንም። የኛም ሀገር የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ይከለክለዋል።

የሳዑዲ የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ በ1426 ሂጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ በ2005 የወጣ ነው። ለራስ መጠቀሚያ ይዞ መገኘት ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያሳስራል። የውጭ ሀገር ሰው ከሆነ ቅጣቱን ሲጨርስ ተርሒል ነው። ማስገባት ግን እስከ ሞት ያደርሳል። ለሦስት ዓመት ያህል ቆሞ የነበረው በዕፅ ምክንያት የሚፈጸም የሞት ቅጣት እ.ኤ.አ በኖቬምበር 2022 እንደገና ተጀምሯል። እ.ኤ.አ ኦገስት 2 ቀን 2025 በናጅራን በአንድ ቀን ሰባት ሰዎች ሀሺሽ በማስገባት ተፈርዶባቸው ተገድለዋል። አራቱ ሶማሌዎች፣ ሦስቱ የእኛው ወንድሞች ኢትዮጵያውያን ነበሩ። አላህ ይማራቸው። የእነሱም እናቶች እንደኛ እናቶች «ልጄ ሠርቶ ይልክልኛል» ብለው ነበር የሚጠብቁት።

አሁን ያልኩትን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም። «ትንሽ ብልቃጥ እኮ ናት» ስትባሉ ክብደቷን እንድታውቁት ነው። ከማዳም ጋር ለበጋ ወደ ለንደን ወይም ወደ ሌላ የምትሄዱም አላችሁ። እዚያ በሱቅ የሚሸጥ የሲቢዲ ዘይት ወይም ከረሜላ ታያላችሁ። አትግዙ፣ አታምጡ። እዚያ የሐኪም ወረቀት ቢኖረው እንኳ ጅዳ አየር ማረፊያ ላይ አያድናችሁም።

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ከመካከላችን ሱስ የያዛት ብትኖር፣ ይኸው ሕግ ራሱ፣ ያለውን ዕፅ አስረክቦ በገዛ ፈቃዱ ሕክምና የሚፈልግ ተጠቃሚ በመጠቀሙ ክስ እንደማይቀርብበት ይናገራል። ጅዳ ውስጥ «ኢራዳ» የሚባለው የአእምሮ ጤናና የሱስ ሕክምና ሆስፒታል አለ። ብቻሽን ግን አትሂጂ፤ መጀመሪያ ተማክረን፣ አረብኛ የምትችል አብራሽ ሆና ይሁን።

ታዲያ የሚጥል በሽታ ያለባት ምን ታድርግ?

ያን ቀን ልመልሰው የሚገባኝ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነበር።

የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ነው። ጋኔን አይደለም፣ በምራቅ አይተላለፍም። በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ተገቢውን መድኃኒት ቢያገኙ ከመቶው እስከ 70 የሚሆኑት ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ። መድኃኒቱ ደግሞ ርካሽ ነው። ዱዓችሁን፣ ዘምዘማችሁን፣ ጸበላችሁን አልከለክልም፤ ክኒኑን ግን አታቋርጡ።

ፌኖባርቢታልን በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። ከበፊቱ የባሰ፣ ሳያቋርጥ የሚደጋገም መውደቅ ያመጣል። እህታችን ላይ የደረሰው ይሄ ነው። ስለዚህ ክኒኑ ከማለቁ ከአንድ ወር በፊት መላ መፈለግ ይገባል። እንቅልፍ ማጣትም ይጥላል። በረመዳን ሌሊቱን ሙሉ ማዕድ ቤት የምንቆም ሰዎች ይህን ልብ እንበል፤ «አያስተኛሽም፣ ጉልበት ይሰጥሻል» ተብሎ የሚሰጥ ስሙ ያልታወቀ ክኒን አትዋጡ። መጾም የምትፈልግ የመድኃኒት ሰዓቷን ሐኪም ያስተካክልላት፤ ለታመመ ሰው ደግሞ ሃይማኖቱ ራሱ ፈቃድ ሰጥቶታል።

ለማዳም መንገር ይከብዳል። ሁሉም ማዳም አንድ አይደለችምና «ንገሩ» ብዬ በደፈናው አላዝም። ግን መጀመሪያ ለአንድ ሰው፣ ለኛ ንገሩ። የሳዑዲ ጤና ሚኒስቴር 937 ላይ ይመልሳል፤ አረብኛ የምትችል ትደውልላችሁ። የቤት ሠራተኛ ደንቡም በሐኪም ማስረጃ በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የምታገቡ፣ ለመውለድ የምታስቡ ደግሞ ቫልፕሮየት የሚባለው ክኒን ፅንስ ስለሚጎዳ «ይሄ ነው ወይ?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ፤ በራሳችሁ ግን አታቁሙት።

በሽታው ያለባት እህት ብትችል የኋላውን ምድጃ ትጠቀም፤ የድስቱን እጀታ ወደ ውስጥ ታዙር። መሰላል ላይ ወጥታ መስኮት አትጠብ። ባኞ ሞልታ አትታጠብ፤ በሻወር ይሁን፤ በሩንም ከውስጥ አትቆልፍ።

አጠገባችን ሰው ቢወድቅ፦ ክብሪት ጭራችሁ አፍንጫው ላይ አትያዙ፤ ሀገር ቤት ሲደረግ ያየነው ይሄ ልማድ ሰው ያቃጥላል እንጂ አያነቃም። ማንኪያ አፉ ውስጥ አትክተቱ። ውኃ አታጠጡ፣ እጅና እግሩን አትጨቁኑ። እሳትና ስለት አርቁ፣ ከራሱ ሥር ልብስ አድርጉ፣ መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ አስተኙት። ሰዓት እዩ። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ለቀይ ጨረቃ አምቡላንስ 997፣ ወይም እዚህ መካ ክልል ውስጥ 911 ደውሉ።

የሻንጣችን ነገር

እህታችን ክኒኗን ያመጣችው በከረጢት ቋጥራ ነበር። ሰው አላያትም፤ ዕድለኛ ናት። ፌኖባርቢታል፣ ትራማዶል፣ ኮዴይን ያለበት ሽሮፕ፣ ዲያዜፓም፣ ፕሪጋባሊን፣ እነዚህ ሁሉ እዚህ ቁጥጥር ያለባቸው መድኃኒቶች ናቸው። ይዞ ለመግባት ከሳዑዲ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አስቀድሞ በኢንተርኔት ፈቃድ ይጠየቃል። ከሀገር ቤት የምትመጣ ዘመድ ካላችሁ ከወዲሁ ንገሯት፦ የሐኪም ወረቀት በእንግሊዝኛ፣ መድኃኒቱ ስሟ በተጻፈበት በራሱ ማሸጊያ፣ ፈቃዱም በእጇ። «ለወገቤ ትራማዶል ላኪልኝ» ማለት ይቅር። የምትልክላችሁን ሰው ሳይሆን የምታመጣላችሁን ሰው ነው የምታሳስሩት።

አደራም እንዲሁ ነው። ለዑምራ የሚመጣ ሰው «ይቺን በርበሬ አድርስልኝ» ይባላል። አደራ መቀበል ባህላችን ነው፤ እምቢ ማለት ነውር ይመስለናል። ግን በሶውም፣ ጭኮውም፣ በርበሬውም በዓይናችን ፊት ተፈትቶ፣ በእጃችን ተቋጥሮ ይሁን። የተሰፋ ከረጢት፣ የታሸገ ቆርቆሮ፣ ሶሉ የወፈረ ጫማ አንቀበል። ጫትም እዚህ ሀገር ክልክል ነው፤ ደርቆም ቢፈጭም ያው ነው። «ፍቺልኝና ልየው» ስትሉት የሚቆጣ ሰው፣ መልሱን በቁጣው ነግሯችኋል።

የእህታችን መጨረሻ

ክንዷ ሲቃጠል ማዳሟ ራሷ ሆስፒታል ወሰደቻት። «ለምን አልነገርሽኝም? ልጆቼን አቅፈሽ ብትወድቂስ?» ብላ አለቀሰች አለችኝ። እንዲህ ያለች ማዳም የማይገጥማት እንዳለችም አውቃለሁ። ሐኪሙ ሌላ ክኒን ጀመረላት። ይኸው ሦስት ወር አለፋት፤ አልወደቀችም። ክንዷ ላይ ጠባሳው ቀርቷል። ይቅርታ ልጠይቃት ስደውልላት «እትዬ፣ እርስዎ ባይቆጡኝ እገዛው ነበር እኮ» አለችኝ። እኔን ለማጽናናት ነው። ግን ቁጣዬ ከአንዱ አደጋ አዳናት እንጂ ከሌላው አላዳናትም።

ስለዚህ ከዛሬው አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ሂዱ ብትሉኝ፣ እንዲህ እላለሁ፦ አንዲት እህት የሚያስደነግጥ ጥያቄ ስትጠይቃችሁ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት «ምን አሞሽ ነው?» በሏት። የሀሺሽ ዘይት የምትጠይቅ ሰው ሕመም አለባት። መድኃኒቷን እኛ ካልፈለግንላት፣ ብልቃጥ ይዞ የሚጠብቃት አለ።

ስልኬን ታውቁታላችሁ። ከእንግዲህ አልቆጣም፤ ብቆጣም ቁጣዬን ጨርሼ መልሼ እደውላለሁ።

የታመሙትን ያሽርልን፤ የታሰሩትን ይፍታልን። ሁላችንንም በጤና ለሀገራችን ያብቃን። አሜን።